የሺወርቅ ዝም ያለችበት ቅዳሜ

ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለውን የየሺወርቅን ፀጉር ቤት የማታውቅ ሴት የለችም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ትልልቅ መስታወቶች፣ አንድ የፀጉር ማጠቢያ፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ተራ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። እንዲህ ያለ ቤት በየመንደሩ ሞልቷል። የእሷን ቤት ለየት የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቤት የማንም ወሬ አይቋረጥም፣ የማንም ሐሳብ አይነቀፍም፤ የባለቤቲቱን ሐሳብ ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሴት ልጅ ራሷን ለሰው እጅ ሰጥታ ስትቀመጥ አፏም አብሮ ይፈታል። መጀመሪያ ባል ይነሳል፣ ቀጥሎ አማት ትነሳለች፣ ሻምፖው ሳይለቅ ወሬው መንግሥት ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ሃይማኖት፣ ከዚያ ቋንቋ፣ ከዚያ ደግሞ ከተማዋ የማን ናት የሚለው። አንዷ የምትምልበትን ነገር ከጎኗ የተቀመጠችው መስማት አትፈልግም። የሺወርቅ ማበጠሪያዋን ይዛ መሐል ላይ ትቆማለች። «እህ» ትላለች። «ወይ ጉድ» ትላለች። «እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ» ትላለች። ነገሩ ከከረረ ደግሞ ዘዴ አላት፤ ድምጿ ከፍ ያለውን ሴት ክንዷን ይዛ «ነይ አንቺ ደርሰሻል» ትልና ካስክ ውስጥ ታስገባታለች። ካስኩ ጆሮዋ ላይ ሙቅ አየሩን እያጓራባት ማን ምን እንዳለ አትሰማም፤ የሌላውን ሳይሰሙ መከራከር ደግሞ ይሰለቻል። ፀጉራቸው ገና ሳይታጠብ በደረቁ ካስክ የገቡ ሴቶች እንዳሉ ይወራል።

«አንቺ እኮ ሰው የምታስታርቂው በኤሌክትሪክ ነው» ትላት ነበር ራዲያ። «መብራት የጠፋ ቀን ምን ልትሆኚ ነው?»

ራዲያ የቤቱ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ይህቺ «ነበረች» የምትባለዋ ቃል የሺወርቅን እስከ ዛሬ አፏ ላይ ትከብዳታለች። ራዲያ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጣቶቿ ከዓይን የሚፈጥኑ ሴት ናት። ከእናቷ ጋር በስልክ ኦሮምኛ፣ ከደንበኛ ጋር የመጣላትን ታወራለች፤ ከየሺወርቅ ጋር ግን አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀለች ነው። ጠዋት ስትገባ «አካም ቡልቴ የሺ» ትላለች፤ የሺወርቅም «ነጋ፣ ደህና፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ» ትላለች። ለፋሲካ ክርስቲያኖቹ፣ ለኢድ ሙስሊሞቹ የሚሰለፉት ለራዲያ እጅ ነበር። ከደጅ ቆመው ጠብቀው ተሠርተው ሲወጡ መስታወቱን ደግመው ሳያዩ የሚሄዱ የሉም።

የሺወርቅ እንዲህ አፏን የያዘች ሆና አልተወለደችም። ያደገችው ደሴ ነው። አባቷ አቶ መልከጼዴቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሻይ ቤት ሲገቡ ወንበር የሚሳብላቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን እዚያው ሻይ ቤት የመሰላቸውን ተናገሩ። ምን እንዳሉ ከቤተሰቡ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ማን ወስዶ እንደተናገረባቸውም አልታወቀም። ታሰሩ፣ ሥራቸውን አጡ፣ ሲፈቱም ያ ሁሉ ጨዋታ አብሯቸው አልተፈታም። እናቷ ወይዘሮ የወይንሐረግ ልጆቻቸውን ሰብስበው «ያሰባችሁትን በሆዳችሁ ያዙት፤ ከደጅ አታውጡት» አሉ። የሺወርቅ ከልጆቹ ሁሉ ታዛዥ ነበረች። ተክሉን አግብታ ሰበታ ስትመጣም ይህን ትእዛዝ ከዕቃዋ ጋር ይዛ መጣች። ተክሉ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ መልካም ሰው፤ ከሥራ ገብቶ ራቱን ከበላ በኋላ ስለ ምንም ነገር ቢነግሩት መልሱ «ተይው ባክሽ» ነው።

ለዚህ ነው ራዲያ ለየሺወርቅ ሹሩባ ሠሪ ብቻ ያልነበረችው። አመሻሽ ላይ የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትሸኝ በሩ ገርበብ ይላል። ሁለቱ ፎጣ ያጥባሉ፣ ማበጠሪያ ይዘፈዝፋሉ፣ ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሳምቡሳ ያስመጣሉ። ያን ጊዜ የየሺወርቅ አፍ ይከፈታል! ቀኑን ሙሉ «እህ» እያለች ያጠራቀመችውን ሁሉ ታወርደዋለች። ስለ መንግሥት ታወራለች፣ ስለ ጳጳስና ስለ ሼህ ታወራለች፣ ልጆች በምን ቋንቋ ይማሩ በሚለው ላይ ትሟገታለች። ራዲያ ደግሞ በአብዛኛው አትስማማም። «እንደሱ አይደለም! እናንተ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምታዩት» ትላለች። «እኛ ማን ነን?» ትላለች የሺወርቅ። «እናንተ ናችኋ፤ እኛ ደግሞ እኛ ነን፤ በይ ሳምቡሳሽን ብዪ!» ይጯጯሃሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ከዚያ አንዷ ትስቅና ሌላዋም ትከተላለች። የሺወርቅ የልቧን ተናግራ፣ ተቃውሞም ደርሶባት፣ ግን ምንም ሳትሆን ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አባቷ በሕይወት ዘመናቸው ያላገኙትን ነገር እሷ በየምሽቱ በፎጣ እጥበት መካከል ታገኘው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ደንበኛ ለመሠራት ተቀምጣ «ከተማችንን እኮ መጤ ነው የሞላው» አለች። ከዚያ በመስታወቱ የሺወርቅን እያየች «አንቺስ ከየት ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። የሺወርቅ እንደ ልማዷ ሳቅ ብላ «እኔማ እዚሁ ነኝ እናቴ» አለችና ወደ ካስኩ አየት አደረገች። ራዲያ ግን የያዘችውን ፀጉር ለቀቀችው። «ኢሼን ኦቦሌቲ ኮቲ» አለች። እህቴ ናት ማለቷ ነበር፤ የሺወርቅ ይህን ያህል ኦሮምኛ አታጣም። ቀጥላም በአማርኛ «የፈለግሽውን አስቢ። ግን በገዛ ቤቷ ተቀምጠሽ እሷን አትነኪያትም» አለቻት። ልጅቷ ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ተሠርታም ሄደች፤ ዛሬም ደንበኛ ናት። የሺወርቅ ያን ምሽት ልቧ እየሞቀ እንኳ ያለችው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ምን አስቸኮለሽ አንቺ፤ ደንበኛ ልታሳጪኝ ነው?» ራዲያ ሳቀች። የሺወርቅም አመሰግናለሁ ሳትል ቀረች።

እትዬ ማርያማዊት የግንባታ ዕቃ ሱቅ ያላቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሴት ናቸው። የሺወርቅ ገና ሰው ሳታውቅ ሰበታ ስትመጣ የወሎ ልጅ መሆኗን ሰምተው እጇን የያዟት እሳቸው ነበሩ። ቤቱን ያፈላለጉላት፣ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ይዘው የመጡላት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ውለታ የሺወርቅ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእሳቸው ትሽቆጠቆጣለች።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ያ ሳምንት ደግሞ አገሩ ሁሉ በክፉ ወሬ የታመሰበት ሰሞን ነበር፤ ከሩቅ የሰው ሞት ይሰማ ነበር፣ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ ሁሉም በየወገኑ ሆኖ የሌላውን ወገን ይረግም ነበር። ፀጉር ቤቱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። የሺወርቅ የአንዷን ፀጉር እያጠበች ነው። ራዲያ አንዷን ጨርሳ፣ ጨርቁን አራግፋ «ቀጣይ ማን ናት? እትዬ፣ ይምጡ» አለች። እትዬ ማርያማዊት መጥተው ተቀመጡ። ራዲያ ማበጠሪያዋን ስታነሳ ግን እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟት።

«አንቺ አትንኪኝ። የሺ ትሠራኛለች።»

«የሺ እጇ ሥራ ላይ ነው እትዬ» አለች ራዲያ፣ ነገሩ ገና ስላልገባት።

«እጠብቃታለሁ። የእናንተ ሰው እጅ ራሴ ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። ለበዓሌ ደግሞ በጭራሽ።»

ካስኩ ብቻ ነበር የሚጮኸው። ራዲያ ቀና ብላ በመስታወቱ ውስጥ የሺወርቅን አየቻት። የሺወርቅም አየቻት። ያ ቅጽበት ረዘመ፤ ለየሺወርቅ ዛሬም አላለቀም። የምትለው ነገር ጠፍቷት አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን አባቷ ትዝ አሏት፣ ውለታው ትዝ አላት፣ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ወደ እሷ አዙረዋል፤ በዚያ ሰሞን አንድ ቃል ብትተነፍስ በማን ወገን እንደምትቆጠር አሰበች። «እዚህ ቤት ማንም ወገን አይይዝም» የሚለው ደንቧ ያን ሰዓት ደግ ደንብ መሰላት። እጇን በፎጣ አደረቀችና «ይሁን እትዬ፣ እኔ እሠራዎታለሁ» አለች።

ራዲያ ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልወረወረችውም፤ አስቀመጠችው። የቀሩትን ደንበኞች በሙሉ፣ አንዷንም ሳታጓድል፣ እስከ መጨረሻው ሠርታ ሸኘች። በሩ ገርበብ ሲል ሽርጧን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችና «ደክሞኛል የሺ፤ መልካም በዓል» ብላ ወጣች። ያን ምሽት ፎጣውን የሺወርቅ ብቻዋን አጠበች።

ከበዓሉ በኋላ ራዲያ ሳትመጣ ቀረች። ስትደውልላት ድምጿ ደህና ነበር። ባሏ ሐምዱ ቃሊቲ አካባቢ ጋራዥ ስለሚሠራ መመላለሱ አድክሞታል፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ሊገቡ ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለች የሺወርቅ። ምክንያቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ደንበኛ ሁሉ «ራዲያስ?» ሲላት «ባሏ ሥራው እዚያ ሆኖ ነው» እያለች መለሰች። ሐሰት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ናፍቆት እንዲህ ያለ መሆኑን የሺወርቅ አታውቅም ነበር። የሞተ ሰው ሲናፍቅ ተለቅሶ ይወጣል፤ በሕይወት ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ልጆች እንዴት ናቸው?» ብሎ የሚዘጋ ሰው ግን እንዴት ይለቀስለታል? ቀን ቀን የሰማችውን ሁሉ ለራዲያ ለመንገር እያሰበች ታጠራቅማለች፤ ሲመሽ የምታወርድበት የለም። አንድ ምሽት ለተክሉ ጀመረችለት። «ተይው ባክሽ» አላት። ከሁሉ የናፈቃት ራዲያ ከእሷ ጋር የምትስማማበት ጊዜ አልነበረም። «እንደሱ አይደለም!» ብላ የምትጮህባት ናት የናፈቀቻት። አንዳንዴ ፎጣ እያሰጣች በሐሳቧ ሁለቱንም ሆና ትከራከራለች፤ የራዲያን ወገን ይዛ ራሷን ስትረታም ትስቃለች፤ ከዚያ ሳቋ ብቻውን ሲሰማት ታፍራለች። ለሥራው ቤተልሄም የምትባል ሌላ ሹሩባ ሠሪ ቀጠረች። ልጅቷ እጇ ጥሩ ነው። እትዬ ማርያማዊት ግን የቀድሞ ልማዳቸውን አልለቀቁም፤ ሲመጡ የሚሠሩት በየሺወርቅ እጅ ብቻ ነበር፤ የሺወርቅም ዝም ብላ ትሠራቸው ነበር።

በገና ጾም አንድ ሰኞ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ቤቱን ለቤተልሄም ትታ ወጣች። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ኮዬ ፈጬ፤ በታክሲውም በአውቶቡሱም መስኮት ዳር ተቀምጣ የምትለውን ታጠናለች። ስለዚያ ሰሞን ጉዳይ ያላትን ሐሳብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልትዘረዝርላት ወስናለች፤ ከእትዬ ማርያማዊት ጋር እንደማትስማማ፣ ነገሩን እንዴት እንደምታየው፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ሳይቀር። ሁሉም ፎቅ አንድ ዓይነት ሆኖባት ስትንከራተት ራዲያ ራሷ ወጥታ ተቀበለቻት።

ደስታዋ የእውነት ነበር። ሳመቻት፣ እንደገና ሳመቻት፣ ቦርሳዋን ተቀበለቻት። ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ መስታወትና አንድ ወንበር አለ፤ የጎረቤት ሴቶችን እዚያው ትሠራለች። ምግብ ቀረበ። «ጾም ነው አይደል? ምስር ነው፤ ዘይቱም ልዩ ነው፤ አትጠራጠሪ» አለች ራዲያ። የሺወርቅ ሳትጎርስ እጇን አንስታ ያጠናችውን ጀመረች።

«ራዲያ፣ ስለዚያ ሰሞን ነገር… እኔ እኮ ሐሳቤ…»

«ሐሳብሽን አውቃለሁ» አለች ራዲያ ቀስ ብላ። «ስንት ዘመን ስትነግሪኝ ኖረሽ! በየምሽቱ እየተጣላን፣ አንቺን የማላውቅ መሰለሽ? እትዬ ማርያማዊትን እንደማትመስዪ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን…»

«የሺ፣ ያን ቀን ሐሳብሽን ማን ጠየቀሽ? ስለ መንግሥት ተናገሪ አልኩሽ? ወገን ያዢ አልኩሽ? "ራዲያ ትሠራዎታለች፤ ካልሆነ ሌላ ቤት ይሂዱ" ማለት ሐሳብ ነው እንዴ?» ድምጿ ትንሽ ተሰበረ። «እኔ የተሰደብኩት በወሬ ውስጥ አይደለም። ማበጠሪያ ይዤ ቆሜ ነው።»

የሺወርቅ ያጠናችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ። «ፈራሁ» አለች።

«እንደፈራሽ አየሁ። ለዚህ ነው ያልተጣላሁሽ።»

«ናፍቀሽኛል ራዲያ። ማታ ማታ የማወራው ሰው አጣሁ። ተመለሺ። ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀንም ቢሆን፣ ለበዓል ብቻም ቢሆን።»

ራዲያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አንቺም ናፍቀሽኛል። እዚህ የምሠራቸው ሁሉ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዳንቺ የምትጣላኝ ግን የለችም። አልመለስም ግን። እዚያ ወንበር ጋ ብቆም ሰው በገባ ቁጥር ይህቺስ ምን ትለኝ ይሆን፣ የሺስ ምን ትል ይሆን እያልኩ ነው የምውለው። ያ ደግሞ ሥራ አይሆንም። ብዪ እንጂ፤ ቀዘቀዘ።»

የሺወርቅ በላች። ራዲያ እስከ ፌርማታ ሸኘቻት፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ኑሮ አወሩ። አውቶቡሱ ሲነሳ ራዲያ እጇን እያወዛወዘች ቆማ ነበር፤ የሺወርቅ እስከምትሰወርባት ድረስ አንገቷን አዙራ አየቻት።

የገና ዋዜማ ቤቱ እንደገና ሞላ። እትዬ ማርያማዊት ገቡ። የሺወርቅ አንዷን እያበጠረች ስለነበር ቤተልሄም «እትዬ፣ እኔ ልጀምርልዎት?» አለቻቸው። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩአትና ተቀመጡ። ግማሹ ተሠርቶ ሲያልቅ መስታወቱን አይተው ረኩ።

«እሰይ! የእኛ ልጅ እጅ እንዲህ ነው» አሉ። «የሺ፣ ያቺንም እንኳን አሰናበትሻት።»

የየሺወርቅ ማበጠሪያ ቆመ። «እህ» ማለት ትችል ነበር። ክንዳቸውን ይዛ ካስክ ልታስገባቸውም ትችል ነበር።

«አላሰናበትኳትም» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እርስዎ ሰደቧት፣ እኔ ዝም አልኩ፣ እሷ ሄደች።»

አግዳሚው ላይ ያለው ወሬ ሁሉ ተቋረጠ።

«ምን አልሽ?»

«ስለ አገሩ የሚያስቡትን ያስቡ እትዬ። እኔም የማስበውን አስባለሁ፤ ለማንም አልናገርም። ግን እዚህ ቤት እጇን ዘርግታ የምትሠራን ሰው "አትንኪኝ" የሚል ከዚህ በኋላ አይሠራም። እርስዎም ቢሆኑ።»

«ለእኔ? እጅሽን ይዤ እዚህ ላደረስኩሽ?»

«ውለታዎን አልረሳሁም። ግን አዎ፣ ለእርስዎም ነው።»

እትዬ ማርያማዊት ግማሽ ሹሩባቸውን በነጠላ ሸፍነው ተነሱ። አብራቸው የመጣች አንዲት ሴትም ተከትላ ወጣች። ሌሎቹ አልተነቃነቁም፤ ያጨበጨበም የለ፤ አንዷ «ተራ የማን ነው?» አለች፤ ሥራው ቀጠለ። ስለዚያ ሰሞን ጉዳይ የሺወርቅ ምን እንደምታስብ ግን ያን ቀንም ከሴቶቹ አንዳቸውም አልሰሙም፤ አልጠየቋትምም።

አመሻሽ ላይ ብቻዋን ስትቀር ስልኳን አወጣች። የራዲያን ስም አገኘችው፤ ጣቷ እላዩ ላይ ቆመ። ምን ልትላት ነው? «ተናገርኩ» ልትላት? ያ ቃል በሚያስፈልግበት ሰዓት ራዲያ እዚህ ቆማ ነበር፤ አንድ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ። አሁን ብትነግራት ደስ ይላታል። «አበጀሽ የሺ» ትላለች፤ ትስቃለች፤ «እንኳን አደረሰሽ» ትልና ስለ ልጆች ትጠይቃለች። አትመጣም ግን። የሺወርቅ ሳትደውል ስልኩን ዘጋችውና አለቀሰች።